ቅቤ የጠጣው ጠፍር

የይሻው ሬሳ ከመሬት ሳይነሳ ገዳይ ተገኘለት። ገዳዩ ጠፍር ነው ተባለ። ጠፍሩን የሰፋችው ፈትያ ናት፤ ስለዚህ ጥፋተኛዋ ፈትያ ናት። በቃ፣ አለቀ! የእኛ ሰው ለሌላው ነገር ሁሉ ነገ ተነገ ወዲያ ይላል፤ ለመፍረድ ግን የሚቀድመው የለም።

ይሻውን ለማያውቅ ልንገር። ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ ቤት ላይ ያዘነበለ ወይም የመብራት ሽቦ የተደገፈ ባሕር ዛፍ ካለ የሚጠራው እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ ከሥሩ አይቆረጥም። መጀመሪያ ሰው ላዩ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን ከጫፍ እየመለመለ ማውረድ አለበት። ይሻው የሚወጣው በብረት ነው። ብረቱ በእግር የውስጥ ጎን ወርዶ ከጫማው ዘንድ ሹል ያወጣል፤ ያ ሹል ግንዱን ይወጋና ሰውየውን ያቆማል። ብረቱን ከእግር ጋር አንድ የሚያደርገው ደግሞ የቆዳ ጠፍር ነው። አንዱ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ሌላው ከጉልበት በታች ይጠመጠምና በዘለበት ይቆለፋል። ጠፍሩ ከከዳ ሰውየው ዛፍ ላይ አይቆይም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ረቡዕ ቀን፣ ይሻው በአቶ ሙላቴ ጓሮ ከትልቁ ባሕር ዛፍ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ አንድ ቁስል አለ። ከግራ ጉልበቱ በታች ያለው ጠፍር ለሁለት ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ጤና ጣቢያው «ከከፍታ የመውደቅ አደጋ» ብሎ ጻፈ፣ ሐሙስ ተቀበረ፣ ፈትያም ረቡዕ ዕለቱን ከገበያ ተይዛ ጣቢያ ገባች።

ኢንስፔክተር ትዕግሥት ከባሕር ዳር ስብሰባ ስትመለስ ሳጅን ደሳለኝ ነገሩን ጠቅልሎ ጠበቃት። ትዕግሥት፣ በነገራችን ላይ፣ ስሟ ብቻ ነው ትዕግሥት። ወረፋ አትጠብቅም፣ ረጅም ንግግር አታስጨርስም፣ ሚኒባስ «አንድ ሰው ቀረን» እያለ ሲቆም ወርዳ በእግሯ የምትሄድ ሴት ናት። የሞተ ሰው ነገር ሲሆን ግን ሰዓት ረስታ ትቀመጣለች።

«አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አላት ደሳለኝ። «ሽማግሌዎቹም ደግ ሐሳብ አምጥተዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ይሰበሰባሉ። ፈትያ በሕዝብ ፊት ‹ጥፋቴ ነው› ካለች የሟች ቤተሰብ ይታረቃታል። የቆዳ ሥራዋን ትታ ከገበያው ትወጣለች፤ በዚያው ይቀራል። ካላለች ክስ ነው።»

«እሷስ ምን አለች?»

ደሳለኝ ራሱን አከከ። «የምትለውን ባይሰሙት ይሻላል።»

«እንግዲያው ልስማው።»

ፈትያ አግዳሚው ላይ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። እንደ ትዕግሥት አርባን የነካች ሴት ናት፤ ጣቶቿ በቆዳ ቀለም ጠቁረዋል፣ ሻሿ ሁለት ቀን ታስራ ያደረች ሴት ሻሽ አይመስልም፣ ቀጥ ብሏል። አባቷ ከማል ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ሙያውን ለወንድ ልጅ አላወረሱም፤ ለሷ ነው ያወረሱት። ለዚህም ገና ድሮ የተንጫጫ ሰው ነበር።

«ጥፋቴ ነው ብትዪ እሑድ ቤትሽ ነሽ» አለቻት ትዕግሥት።

«አልልም።»

«ካላልሽ ወህኒ ነው።»

«ወህኒም ሆኜ አልልም! ከአባቴ ኮርቻ ላይ የወደቀ ሰው ካለ ሰክሮ ነው እንጂ ጠፍር ተበጥሶበት አይደለም። እኔም የሱ ልጅ ነኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ይኸው ናቁኝና ነቀነቁኝ። ይነቅንቁ! አልወድቅላቸውም።»

ትዕግሥት የተበጠሰውን ጠፍር አግዳሚው ላይ አኖረችው። «ይህ ያንቺ ሥራ ነው?»

ፈትያ አልነካችውም። አፍንጫዋን ነፋች እንጂ።

«ይሄ? ይሄ የሆድ ቆዳ ነው። የሆድ ቆዳ ይለጠጣል፤ ሱሪ ያስራል እንጂ ነፍስ አያስርም። እኔ ከበሬ ጀርባ ነው የቆረጥሁለት። ቀዳዳውንስ አየሽው? በቢላ የተሸነተረ ነው፤ እንዲህ ያለው እየተቀደደ ይሄዳል። እኔ በጋለ ወስፌ ነው የምበሳ፣ ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ይጠነክራል። ዘለበቱም የሱሪ ቀበቶ ነው፣ በጥፍር የሚታጠፍ። እኔ ያስገባሁለት የበቅሎ ዕቃ ዘለበት ነው፣ ወፍራም ብረት።»

«ታዲያ ይህ ከየት መጣ?»

«የድሮው ጠፍሩ ነዋ! አራቱም ተሰነጣጥቀው ጾም ሊገባ ሲል አራቱንም ቀየርሁለት። አሮጌዎቹን ጠቅልዬ በእጁ ሰጠሁት፤ የሰው ዕቃ አላስቀርም።»

«ይህን ለሳጅን ደሳለኝ ነገርሽው?»

«ጮኼ ነገርሁት! ‹የፈራ ሰው ይክዳል› አለኝ። በይ እስቲ እይኝ፣ የፈራሁ እመስላለሁ?»

ደሳለኝ መስኮቱን ማየት ጀመረ። በመስኮቱ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

«አዲሱን ሲመርጥ ነበርሽ?» አለች ትዕግሥት።

«እሱ መራጭ አይደለም፣ መከራ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። ሱቄ ቁጭ ብሎ ቆዳ ሲያጥፍ፣ ሲዘረጋ፣ ዘለበት ሲጎትት ዋለ። ጨረስን ስል ደግሞ ‹በኑግ ዘይት እሺልኝ› አለኝ። ቆዳ በቅቤ ነው የሚታሽ፣ ኑግ ማን ይቀባዋል? ግን ጭቅጭቁ አድክሞኝ ስለነበር ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ኑግ ገዝቼ አሸሁለት።»

ትዕግሥት የተበጠሰውን ጠፍር አንስታ አሸተተችው። ከዚያ በወረቀት ጠቀለለችው። ደሳለኝ «ምን ሸተተዎት?» ሲላት «ቸኩለህ የጻፍኸው ሪፖርት» አለችው።

የአቶ ሙላቴ ጓሮ ከገሳይ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሰፊ ማሳ፣ ሰፊ በረት፣ ሰፊ ድምፅ ያላቸው ሰውዬ ናቸው፤ ሲናገሩ የማያቋርጣቸው ሰው ስለለመዱ ቀስ ይላሉ። የወንድማቸው ሚስት የነበረችው አበበች ባሏ ሞቶባት አጠገባቸው ትኖራለች፤ ትልቁ ባሕር ዛፍ በሁለቱ ማሳ መካከል ቆሟል።

«የት ነበሩ፣ አቶ ሙላቴ?»

«ጓዳ ነበርሁ፣ ልጄ። ‹ጓ!› የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ብወጣ ወድቋል። እሪ ብዬ አገር ጠራሁ።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ማን ይኖራል? ገመድ የሚይዝለት ዓለምነው ቀርቷል። ያቺ አበበች ጠዋት መጥታ ዛፌን አትንኩ ብላ እርግማኗን አራግፋ ወደ ቀበሌ ሄደች። ምን ያደክምሻል! ጠፍሩ ተበጠሰ፣ ሰውየው ወደቀ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አትውጪ።»

«ላሟ የት እንደዋለች ላውቅ ብዬ ነው። ዛፉ የማን ነው?»

«የማን ይሁን! የአባቴ፣ አሁን የኔ። እስከዚያ ጉድባ ድረስ የኔ ነው።»

ትዕግሥት ግንዱን ዞረችው። የባሕር ዛፉ ልጥ ለስላሳና ነጣ ያለ ስለሆነ ብረቱ የወጋበት ሁሉ ጎልቶ ይታያል። አንዳንዱ ምልክት ጥልቅ ነጥብ ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን ከነጥቡ በላይ የጣት ያህል ጭረት አለው። ሁለቱም ዓይነት ከታች ጀምሮ ተቀላቅሎ ይወጣና ከግንዱ አጋማሽ አለፍ ብሎ ያበቃል። ከዛፉ አንድም ቅርንጫፍ አልተቆረጠም። መሬቱ በወደቀ ቅጠል እንደ ፍራሽ ለስልሷል። የይሻው ከረጢት ከሥሩ ጎን ተጥሏል፤ ውስጡ መጋዝ፣ ገመድና በጨርቅ የተጠቀለሉ አሮጌ ጠፍሮች አሉ። ቆጠረቻቸው፤ ሦስት ናቸው።

«ለለቅሶ ወደ ሟች ቤት ልውጣ» አሉ አቶ ሙላቴ፣ በቅሏቸውን አስመጥተው። ሲቀመጡ የግራው እርካብ ከቀኙ አጥሮ ኖሮ አንድ ጉልበታቸው ሽቅብ ተሰቀለ። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ አንድ ጎኑ ብቻ ቂጢጥ ብሎ ሲሄድ ትዕግሥት ከኋላቸው አየችውና ፈገግ ልትል ሆነ። ከዚያ ግን ዓይኗ እርካቡ ላይ ተተክሎ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

አበበች ከአጥሯ ዳር ቆማ ታለቅሳለች። «እኔ ነኝ የገደልሁት፣ እኔ አፈር ልብላ! ‹የድንበር ዛፍ የነካ እጁ ይድረቅ› አልሁት። እሱ እኮ ሰምቶኝ ‹እትየ አበበች፣ ወጥቼ ልየውና ልመለስ› ነው ያለኝ። እኔ ግን ንዴት ይዞኝ ወደ ቀበሌ ሄድሁ። ከሊቀ መንበሩ ጋር ስጨቃጨቅ ነው መርዶው የደረሰኝ። እርግማኔ ገደለው።»

«እርግማን ማጅራት አይመታም» አለቻት ትዕግሥት። «እሑድ ነይ።»

ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ፣ ቤቷ ውስጥ፣ የይሻው ሚስት ፈንታነሽ ጥቁሯን ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። የፈትያ ስም ሲነሳ «ቤቴን አፈረሰችው!» ብላ ጮኸች። ትዕግሥት አልተከራከረቻትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የይሻውን የክት ቀበቶ አወረደችና ጫፉን አየችው። ጫፉ ተበሳስቷል።

«አይጥ ነው?»

ፈንታነሽን በእንባዋ መካከል ሳቅ ቃጣት። «የሱ ጥርስ ነው። ግራ እጁን መጋዝ ሁለት ጣት ወስዶበታል። ቀበቶም ይሁን የብረቱን ጠፍር ሲያስር ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚጎትተው። ‹እንደ በግ ቆዳ ታኝካለህ› እያልሁ እስቅበት ነበር።»

«ጾም ላይ እንዴት ነበር?»

«ይሻው? ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ የማይቀምስ! ልጆቹ እንኳን ወተት የነካ ብርጭቆ ሲያቀብሉት ‹እጠቡት› ይል ነበር።»

ትዕግሥት ቀበቶውን መልሳ ሰቀለችው። ፈንታነሽ ዓይኗን ጠራርጋ ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ስለፈትያ ግን ሁለተኛ አልጮኸችም።

ዓለምነው ከድንኳኑ ውጭ ለብቻው ቆሟል። ለሳጅን ደሳለኝ «ታምሜ ቀረሁ» ያለው እሱ ነው።

«አልታመምህም» አለችው ትዕግሥት።

«አልታመምሁም» አለ። «ማታውን ተጣላን። ይሻው ‹ያ ዛፍ የድንበር ዛፍ ነው ይባላል፤ አያ ሙላቴ ደግሞ የግሌ ነው ይላሉ። ነገ ወጥቼ ከላይ አየዋለሁ፤ የድንበር ከሆነ አልነካውም› አለኝ። እኔ ሥራ ፈልጌ ነበርና ‹የአያ ሙላቴን እንጀራ የገፋ እሱ ይውጣበት› ብዬ ቀረሁ። ያን ዕለት ስብሰባ ነበረና ከእድሩ ሰዎች ጋር ነው የዋልሁ። ብኖር ኖሮ እኮ…» ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«አንድ ነገር ንገረኝ። ብረቱ ሲወጣና ሲወርድ ግንዱ ላይ የሚተወው ምልክት አንድ ነው?»

«አይደለም። ሲወጣ ወግቶ ይቆማል። ሲወርድ ግን ክብደት ስላለ መጀመሪያ ትንሽ ይፍቃል፣ ከዚያ ይወጋል። ጭረት ይተዋል።»

«እሑድ ብረት ይዘህ ና» አለችው።

እሑድ አገሩ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር፣ ሕዝቡ በዙሪያቸው ተቀመጠ። አያ በላይነህ፣ ዋናው ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሡ። ፈትያ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆማለች።

«ልጄ ፈትያ፣ ማንም ክፉ አይመኝልሽም። አንዲት ቃል ናት። ‹ጥፋቴ ነው› በይና እንታረቅ።»

«አልልም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ከኋላ «ምን ዓይነት ደረቅ ሴት ናት!» የሚል ተሰማ።

«ደረቅ ነኝ!» አለች ፈትያ፣ ወደ ድምፁ ዞራ። «እርጥብ ቆዳ ነው እንደፈለጉት የሚጠመዘዝ። እናንተ እኮ አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን ነው የምትመቱ። በዚህ ጓሮ ማን እንደነበረ አንድ ሰው ጠየቀ? ከገበያ መጥታችሁ እኔን ያዛችሁ!»

አቶ ሙላቴ በትራቸውን መሬት መቱ። «ሰማችሁ? ሰው ገድላ ደግሞ ትሳደባለች!»

ትዕግሥት ከሕዝቡ ውስጥ ወጣች። የተጠቀለለውን ወረቀት ፈታችና የተበጠሰውን ጠፍር ለአያ በላይነህ ዘረጋችላቸው። «አያ በላይነህ፣ ይቅርታዎን ልለምንና ይህን በጥርስዎ ይያዙልኝ።»

«አበድሽ አንቺ ልጅ?»

«ለእርቁ ያስፈልጋል።»

ሽማግሌው ጠፍሩን ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠጉት። ከንፈራቸው ሳይደርስ አፍንጫቸው ቀደመ። እንደ እሳት ወረወሩት።

«ቅቤ! ቅቤ የጠጣ ነው! በዐቢይ ጾም ይህን አፌ ላይ ላደርግ?»

«እርስዎ አላደረጉትም» አለች ትዕግሥት። «ይሻውስ ያደርገው ነበር?»

«አያደርገውም» አሉ ሽማግሌው። ፈንታነሽ ግን ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና። «ወይኔ! በጥርሱ ነው የሚያስረው! በጥርሱ ነው!»

«አዎ» አለች ትዕግሥት። «ሁለት ጣት የጎደለው ሰው ነው፤ ጠፍር በጥርሱ ነክሶ ነው የሚጎትት። ጾም ሊገባ ሲል ፈትያ ዘንድ ሄዶ አራቱንም ጠፍር አስቀየረ፤ አዲሱንም በኑግ አሳሸ። አሮጌዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ ቅቤም ጠጥተዋል፤ በጾም አፉ ሊነካቸው አይችልም። ታዲያ ረቡዕ ቀን ይህ የቅቤ ጠፍር እግሩ ላይ ምን ይሠራል? እሱ አላሰረውም። ሌላ ሰው ነው ያሰረው፣ በእጁ፤ እጅ ደግሞ አይጾምም።»

«ምናልባት አንዱ አዲስ ጠፍር ጠፍቶበት ይሆናል» አለ ደሳለኝ፣ ለአፉ ያህል።

«አንተ በዕለቱ ሬሳው ሳይነሣ ያነሣኸውን ፎቶ አይቻለሁ። ሦስቱ ዘለበቶች በእግሩ የውጭ ጎን ናቸው፤ እንዲህ ካልሆነ ዘለበት ከግንድ ጋር ይጋጫል። የዚህ ጠፍር ዘለበት ግን በውስጥ በኩል ነው። ዛፍ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው ያሰረው። ፈትያ አራት አሮጌ ጠፍር ሰጥታው ነበር፤ ከረጢቱ ውስጥ ያገኘሁት ሦስት ነው። አራተኛው ይኸው።»

ከዚያ ወደ ዓለምነው ዞረች። «ውጣ። ምልክቱ የሚያበቃበት ስትደርስ ቁም።»

ዓለምነው ብረቱን አስሮ ወጣ። ሕዝቡ አንገቱን አንጋጠጠ። «ሲወጣ የሚወጋውን እዩ፣ ነጥብ ብቻ» አለች ትዕግሥት። «ዓለምነው! ምን ይታይሃል?»

«የድንበር ድንጋዮቹ!» ድምፁ ከላይ መጣ። «ከሥር ሣር በልቷቸው አይታዩም፤ ከዚህ ግን ተሰልፈው ይታያሉ! ቀጥ ብለው መጥተው በዛፉ ሥር ያልፋሉ! ዛፉ ድንበሩ ላይ ነው!»

አበበች እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የለቅሶ ቦታ መሆኑ ትዝ አላትና በነጠላዋ አፈነችው።

«በል ውረድ። አሁን ደግሞ ጭረቱን እዩ። ይሻውም ያየው ይህንኑ ነው፣ የቆመውም እዚያው ነው። ከሱ ምልክትም ግማሹ ነጥብ ነው፣ ግማሹ ጭረት፣ እስከ መሬት ድረስ። የወደቀ ሰው እየወረደ ዛፍ አይጭርም። ይሻው አልወደቀም። በእግሩ ወርዶ፣ ‹የድንበር ዛፍ ነው፣ አልቆርጥም› ብሎ፣ ብረቱን ሊፈታ ተቀመጠ። የግራውን የላይ ጠፍር ፈትቶ ነበር። ያን ጊዜ ከኋላው ማጅራቱን የመታው ሰው አለ። ያ ሰው ነገሩን መውደቅ ሊያስመስል ከከረጢቱ የተሰነጠቀ ጠፍር አውጥቶ አስሮ በጠሰው፤ አዲሱንና ደህናውን ግን ይዞት ሄደ።»

«ማን ነው?» አሉ አያ በላይነህ።

«ፈትያ ያን ሰዓት ገበያ ላይ ነበረች፤ ከዚያው ነው የያዝናት። አበበች ከሊቀ መንበሩ ጋር፣ ዓለምነው ከእድርተኞች ጋር ነበሩ። በዚህ ጓሮ ከሟቹ ጋር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ደሳለኝ፣ የአቶ ሙላቴን በቅሎ አምጣት።»

በቅሎዋ መጣች። የግራው እርካብ ከቀኙ አጥሮ ተንጠልጥሏል። ፈትያ ማንም ሳያዛት በሁለቱ ፖሊሶች መካከል አልፋ ሄደች። የእርካቡን ጠፍር ይዛ አገላበጠችው፣ አጠፈችው፣ አሸተተችው። ከዚያ ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ አሳየችው።

«የበሬ ጀርባ! በወስፌ የተበሳ፣ ክብ! የበቅሎ ዕቃ ዘለበት! ሽቱት፣ ኑግ ነው! አገር የተሰበሰበበት የኔ ጠፍር ይኸው፣ አንድ ክር እንኳ አልላላም!» ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣት። «እግር የሚዞር ጠፍር ለእርካብ ያጥራል፣ አያ ሙላቴ። ሲቀመጡ ቂጢጥ ቢያደርግዎት ለዚህ ነው። ለምን አልጣሉትም?»

የገዛ ወንድሙን ሚስት መሬት የሚመኝ ሰው ደህና ቆዳ እንዴት አድርጎ ይጥላል? እስከዚህ ድረስ «አቶ» እያልሁ፣ አንቱ እያልሁ አከበርሁት። አንቱታዬን ከዚህ ላይ አንስቻለሁ።

ሙላቴ ተነሣ። ዙሪያውን አየ፤ ወትሮ ሲያየው ዓይኑን የሚሰብረው ሕዝብ ዛሬ አልሰበረም።

«በገዛ ጓሮዬ!» ብሎ ጮኸ። «‹ድንበር አላፈርስም› አለኝ! የቀን ሠራተኛ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ፣ እኔን! ምሳሩ እጄ ላይ ነበር። በጀርባው ነው የመታሁት፣ በስለቱ አይደለም። እንዲሞት አላልሁም…»

«እሷ እንድትታሰርልህ ግን ብለሃል» አለች ትዕግሥት፣ እሷም አንቱታውን ትታ። ደሳለኝ ሰውየውን ያዘው።

ሰዉ ቀስ እያለ ሊበተን ጀመረ። እንዲህ ነን፤ ስንፈርድ በጩኸት ነው፣ ስንሳሳት በጓሮ በር ነው የምንወጣው።

«ወዴት ነው?» አለች ፈትያ። ሁሉም ቆመ። «‹ጥፋቴ ነው በይ› ብላችሁ ነበር የጠራችሁኝ። እኔ አላልሁም። ቃሉ ግን ይኸው ሜዳ ላይ ተጥሎ ቀርቷል። የማን እንደሆነ የሚያውቅ ያንሣው። ሳይነሣ አልሄድም፣ እናንተም አትሄዱም!»

ሳጅን ደሳለኝ አንገቱን ደፋ። አያ በላይነህ ከራሳቸው ላይ ነጠላቸውን አወረዱ፤ እኒያ ሽማግሌ በሰው ፊት እንዲህ ሲሆኑ ያየ የለም።

«ጥፋታችን ነው» አሉ። ድምፃቸው ስለደከመ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ፈትያ ጠበቀች። ሽማግሌው ቀና ብለው ደገሙት፦ «ጥፋታችን ነው፣ ልጄ!»

ፈንታነሽ መጥታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ፈትያ ቀድማ ብብቷን ይዛ አነሣቻት፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ፈትያ ካለቀሰች ሰንብታ ነበር።

ሰኞ ፈትያ ገበያ ላይ፣ በዚያው ቦታዋ፣ ወስፌዋን አግላ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ደንበኛ ዓለምነው ነው፤ ብረቱን ተሸክሞ መጣ።

«ጠፍሩን ቀይሪልኝ፣ እትየ ፈትያ። በቅቤ እሺልኝ፤ እኔ ጣቴ ሙሉ ነው፣ በጥርሴ አልይዝም።»

«በኑግ ነው» አለችው፣ ቆዳውን እያጠፈች እየዘረጋች።

«ኧረ በቅቤ ይሻላል፣ ሁልጊዜ የምትዪው አንቺው ነሽ!»

«እስከ ፋሲካ በኑግ ነው አልሁህ! እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የይሻውን ጾም ግን እኔው ነኝ በእጄ የጀመርሁለት። እሱ ሳይገድፈው እኔ አልገድፍበትም።»

ዓለምነው አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የኑጉን ጠርሙስ አቀበላት።